ዱሲት «ገነት» አይደለም

ዱባይ የኖረ ሰው «ዱሲት ታኒ» የሚባለውን ሆቴል ያውቀዋል። «ዱሲት ማለት ገነት ነው» የሚል ትርጉም ደጋግሜ ሳይ ጊዜ፣ ኧረ ቆይ ልል ነው።

ቃሉ የታይላንድ ነው፤ ከፓሊው «ቱሲታ» የመጣ። ፓሊ ለእነሱ፣ ግዕዝ ለቤተ ክርስቲያናችን እንደሆነው ነው። ቱሲታ የአማልክት ደስታ ካለባቸው ስድስት ሰማያት አራተኛው ነው። እዚያ ያለው ዕድሜ በሰው አቆጣጠር 576 ሚሊዮን ዓመት! ግን ያልቃል። ሲያልቅ እንደገና መወለድ አለ። ቡድሃ ራሱ እዚያ ቆይቶ ነው ወደ እናቱ ማሕፀን የወረደው ይላሉ፤ ቀጣዩ ቡድሃ ሜቴያም አሁን እዚያ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ገነትም እኮ እስከ ፍርድ ቀን መቆያ ናት» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ አባቶች እንዲህ ያስተምራሉ። ግን ጻድቅ ከገነት ሲወጣ ወደ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ ከዱሲት የወጣ ወደ ማሕፀን ነው የሚመለሰው። እነሱ ጋ የመጨረሻው ግብ ሰማይ ሳይሆን ኒርቫና ነው፤ ከዚህ ዙር ጭራሽ መውጣት። የእኛን «ታቦት» አንድ ፈረንጅ «ሳጥን» ብሎ ቢያልፈው ምን ይሰማናል?

ሆቴል «ገነት» ብሎ ቢሸጥበት አልፈርድበትም፣ ንግድ ነው። (ንጉሥ ቹላሎንግኮርንም ባንኮክ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ዱሲት ብለውታል፤ ነገሥታት ሰማይ ይወዳሉ፣ የእኛውን ገነተ ልዑል አስታውሱ።) ተርጓሚ ግን «ዱሲት» ብሎ እንዳለ ይተወው፤ ከጎኑ «ጊዜያዊ ሰማይ» ብሎ ይጨምርበት። ሁለት ቃል ናት።