በሕግ አምላክ! ከመቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ድምፅ ለሚጠይቁን ሁሉ

በሚቀጥለው ቅስቀሳ፣ የትኛውም ፓርቲ ያቁመው፣ ሮማናት አደባባይ ላይ ማይክ የጨበጠ ሰው ተፎካካሪውን «ባንዳ» ሲል ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ተነስቶ «በሕግ አምላክ!» ይበል። ተናጋሪው ይቁም። ያለውን ያስረዳ፤ ማስረዳት ካቃተው ቃሉን እዚያው፣ በዚያው ማይክ ያንሳ። እንቅስቃሴያችን ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ያሉት አባቶቻችን የዋሆች አልነበሩም። ሙግት ያውቁ ነበር። ከዋርካ ሥር ነጠላውን አገልድሞ የተነሳ ተሟጋች «በላ ልበልሃ» ሲል፣ ባላጋራው «ተጠየቅ» ሲለው፣ ንግግሩ ማርና ወተት አልነበረም። ይዘልፍ ነበር፤ በግጥም ይወጋ ነበር፤ በባላጋራው አባት ፈረስ ሳይቀር ይሳለቅ ነበር። ነገር ግን ዋስ ሳይጠራ ሙግት አይገባም። «እንዲህ አድርገሃል» ካለ በማር ይወራረዳል፣ በፈረስ ይወራረዳል፣ በበቅሎ ይወራረዳል፤ ካላስረዳ ይከፍላል። ሰውየው ቤቱ የገባው አንዳች ነገር ጎድሎበት ወይም እውነቱን አስመስክሮ ነው። ዛሬ ግን አንድ የፓርቲ ሰው በአንድ ከሰዓት ግማሹን ሕዝብ ከሃዲ ብሎ ሲያበቃ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ይዘጋና ይሄዳል። ዋሱ ማነው? ውርርዱስ ምንድነው?

ስለዚህ ለስለስ ያለ አንደበት አንለምንም። ፖለቲካ ሙግት ነው፤ ሙግት ይሞቃል። የምንጠይቀው ዋስ ነው።

ይህን የምንጠይቀው እኛ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የዓዲ ሓቂ ገበያ ነጋዴዎች፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው በመቀሌ መጠለያዎች የሚኖሩ ወላጆች፣ ሬድዮ ሰምተው ማስታወስ የማያቅታቸው ሽማግሌዎች ነን። ማስታወስ የፈለግነውም አስታዋሽ ስለጠፋ ነው። ፖለቲከኞቻችን በአምስት ዓመት አንዴ ይለዋወጣሉ፣ ወይም ጨርሶ አይለዋወጡም። የሚወራረሱት ግን ስድብን ነው።

በ1993 ሕወሓት እዚሁ ከተማ ውስጥ ለሁለት ሲሰነጠቅ ክርክሩ ስለ ኤርትራ ጦርነትና ስለ አገር ሉዓላዊነት ነበር። ሕዝብ ቁጭ ብሎ ሊሰማው የሚገባ ትልቅ ጉዳይ ነበር። የተሰማው ግን «አንጃ» እና «ቦናፓርቲዝም» ነው። የተሸነፈው ወገን ስም ተለጠፈበት፤ ክርክሩ ራሱ እስከ ዛሬ ሳይቋጭ ቀረ። የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት ገብሩ አሥራት ከሥልጣን ወጥተው ኋላ ዓረና ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ ስዬ አብርሃ ዓመታት በእስር አሳለፉ። «አንጃ» የሚለው ቃል ግን አልታሰረም። ከዚያ ወዲህ ከመስመር ወጣ የተባለን ሁሉ እየፈለገ ያገኘዋል።

ምርጫ 97 ደግሞ አለ። እንደዚያ ያለ የቴሌቪዥን ክርክር አገሪቱ አይታ አታውቅም ነበር። ሰው ሥራውን ጥሎ ሻይ ቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። ከዚያ ገዥው ወገን ቅንጅትን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰለ፤ ከቅንጅት በኩልም ገዥዎቹን ወደ ትግራይ እንመልሳቸዋለን የሚል ዛቻ ተሰማ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ሁለቱንም መዝግበዋል። እኛ መቀሌ ውስጥ ሆነን ሁለተኛውን ስንሰማ፣ ዛቻው ለባለሥልጣኖቹ ይሁን ለእኛ ለይቶ የነገረን ሰው አልነበረም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የሞቱት ሲቪሎች 193 ናቸው አለ፤ 6 ፖሊሶችም ነበሩ። ያን ሁሉ ሰው ቃል ብቻውን ገደለ አንልም፤ የተኮሰው ጥይት ነው። ግን ለዚያ ቃል ማንም ወገን በአደባባይ ተጠይቆ ሲመልስ አላየንም።

ቀጥሎ ጨዋነት በፊርማ መጣ። በጥቅምት 2002 ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ኢዴፓና በዚያ ጊዜ ቅንጅት የተባለው ፓርቲ የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ የሆነው መድረክ አልፈርምም አለ። ደንቡ ሲነበብ ጥሩ ነው፤ ስድብ ይከለክላል፣ ማስፈራራት ይከለክላል፣ እንዲያውም በአዋጅ ጸና። በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ የዓረና መድረክ ዕጩ የነበረው አረጋዊ ገብረዮሐንስ ሽሬ ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። ፓርቲው ፖለቲካዊ ግድያ ነው አለ፤ መንግሥት የግል ጸብ ነው አለ። ለትግራይ መራጭ ሁለቱን አቅርቦ የሚያከራክር መድረክ አልተገኘም። ግንቦት ሲደርስ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ።

ያ ዓመት ብዙ አስተምሮናል፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ጨዋነትን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ዝምታ ይሰጠዋል። ደንብ አውጪዎች ተቃዋሚን «አትሳደብ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «አትጠይቅ» ማለታቸው ነው። «ምክር ቤቱ ውስጥ ከገዥው ወገን ውጭ ሁለት ሰው ብቻ የቀረው ለምንድነው?» ማለት ራሱ ነውር ተቆጠረ። ስለዚህ «ሕዝቡ ረጋ ይበል፣ በሰላም ይወዳደር» የሚሉ ወርክሾፖችን፣ በሆቴል አዳራሽ ኮፍያና ቲሸርት የሚያድሉ ስብከቶችን አንደግምም። የሚረጋ ሰው ሞልቶናል። የጠፋው የሚመልስ ሰው ነው።

በ2012 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ምርጫውን በኮሮና ምክንያት ሲያራዝም ትግራይ የራሷን አካሄደች። ጳጉሜን 4 ቀን ሌሊት ወጥተን ተሰለፍን። ባይቶና፣ ሳልሳይ ወያነ፣ የትግራይ ነፃነት ፓርቲ፣ አሲምባ ተወዳደሩ፤ ዓረና አልገባም አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ምርጫውን እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብሎ ነበር። ውጤቱ ሲነገር ሕወሓት 98.2 ከመቶ አገኘ ተባለ። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ «ጁንታ» ይመጣ ነበር፤ ቀደም ብሎ «የቀን ጅብ» ደርሶናል፤ ከዚህም «ፋሺስት» ይላክ ነበር። ከምርጫው በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013፣ ጦርነቱ ተጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም የሚሰደበውም የሚሳደበውም ብዙ ሰው ቀብሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያሳፍራል፤ በራሳችን በር ላይ ነውና። በነሐሴ 2016 ሕወሓት 14ኛ ጉባኤውን ሲያካሂድ ምርጫ ቦርድ አላውቀውም አለ፤ ድርጅቱም በዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤልና በአቶ ጌታቸው ረዳ ወገን ተከፈለ። አንዱ «ክህደት» አለ፤ ሌላው «መፈንቅለ መንግሥት» አለ። መቀሌ ሁለት ከንቲባ ኖራት። በመጋቢት 2017 የከንቲባው ጽሕፈት ቤትና የከተማው ኤፍ ኤም ሬዲዮ እጅ ቀየሩ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ሁለቱ ወገኖች ማን ለፌዴራል ተንበረከከ በሚል ይፋጁ ነበር። ውሃን በተመለከተ ከሁለቱም ጥርት ያለ መልስ የሰማ ጎረቤት ካለ ይምጣና ይንገረን።

ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የጻፍነው ብዙዎቹ ስድቦች በአማርኛ ስለደረሱን፣ ብዙዎቹ መልሶችም በአማርኛ ስለተላኩ ነው። ጎንደር፣ ወልዲያ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህ የስድብ ወረርሽኝ የትግራይ ብቻ አይደለም። እናንተም ጋ ዕጩ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን ስለ ጠላት ነው የሚያወራው። በየከተማችሁ «በሕግ አምላክ» የሚል ሰው ቢኖር እኛም እንደግፈው ነበር፤ እናንተም የእኛን ደግፉ።

«ሕግ አለ አይደለም?» የሚሉን አሉ። አለ። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ አስቀምጧል። የምርጫ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ የራሱ የሥነ ምግባር ክፍል አለው። አንቃወማቸውም። ግን ክሱን የሚመሠርተው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የትኛው ስድብ ጥላቻ እንደሆነ የትኛው ደግሞ «መግለጫ» እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሲሳደብ ፋይል ሲከፈት ያየን ስንቶቻችን ነን? እስር ቤት የሚሞላ ንቅናቄ መሆን አንፈልግም። ተናጋሪው ታስሮ እንዲጠፋ ሳይሆን ቆሞ እንዲመልስ ነው የምንፈልገው።

እንግዲህ የምናደርገው ይህ ነው። በሰሜን ክፍለ ከተማ መድረክ የሚፈልግ ማንኛውም ፓርቲ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ዋስ ይጥራ። ዋሶቹ በሰፈሩ የሚታወቁ ይሁኑ፤ ቢቻል ከፓርቲው አባልነት ውጭ። ተናጋሪው ሰውን በስም ወንጅሎ ቃሉን እዚያው ካላነሳ ማስረጃውን በሦስት ቀን ያመጣል። ካላመጣ ዋሶቹ ይዘውት ይመጣሉ፤ ያለውን ያነሳል። ውርርዱ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ፓርቲ ስድብን በጅምላ ይገዛበታል። ውርርዱ ማይክ ነው። የተረታ ፓርቲ ቀጣዩን ተራውን ለተሰደበው ወገን ይለቃል። አንድ ካድሬ ይህን ሲሰማ «ይሄማ ለጠላት መድረክ መስጠት ነው» አለን። አዎ፣ ነው።

ከመድረኩ ሰዓት ግማሹ የተጠየቅ ነው። ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ፣ በካድሬ ተመርጦ አይቀርብም። ተራ አለ፤ መጀመሪያ ተፈናቃዮች፣ የአካል ጉዳተኛ የሆኑ የቀድሞ ታጋዮችና ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ይጠይቃሉ። የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛቸውን የሚጠይቁ የመንግሥት ሠራተኞችም እዚያ ይኖራሉ። ዕጩው «እናየዋለን» ቢል «መቼ?» ይባላል፤ መቼ እንደሆነ ቢመልስ ይጻፋል። የተስፋ መዝገብ እንከፍታለን፤ ቃሉ፣ ቀኑና የዋሶቹ ፊርማ ይሰፍርበታል። ያው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት የቀድሞው ቃሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ጭብጨባ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ፌስቡክና ቲክቶክ አጭር ነው። ስም የሌለው ገጽ ለአንድ ፓርቲ ሲል ሌላውን ሲሳደብ ፓርቲው በአንድ ቀን ውስጥ «የኔ አይደለም፣ አልደግፈውም» ይበል። ዝም ካለ ዝምታው እንደ ፊርማ ይቆጠርና መዝገቡ ላይ ይገባል። ከዋሽንግተንም ከሎንዶንም በቀጥታ ሥርጭት ጦርነት የሚያውጁ ወንድሞቻችን ላይ ሥልጣን የለንም፤ ገንዘባቸውን የሚቀበሉ ፓርቲዎች ላይ ግን ጥያቄ አለን።

የምናልመውንም እንናገር፤ ማኒፌስቶ ያለ ሕልም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። የሚሸነፍ ፓርቲ ጫካ የማይገባበት፣ የሚያሸንፍም ተሸናፊውን ከሃዲ የማይልበት መቀሌ ይታየናል። የሕወሓት ደጋፊና የዓረና ደጋፊ፣ የስምረት ፓርቲ ደጋፊና የሳልሳይ ወያነ ደጋፊ በአንድ ግቢ ተከራይተው ኖረው በምርጫ ማግስት ቡና የሚጠራሩበት። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚወዳደርን ሰው «ዋሶችህ እነማን ናቸው?» ብላ ስትጠይቀው የማይቆጣበት። የወልቃይትና የራያ ጉዳይ እንኳ፣ ከሁሉም የመረረው፣ የሁለቱም ወገን ሰው ዋስ ጠርቶ ቆሞ የሚጠያየቅበት ቀን ይታየናል። ይህ ምናልባት ሩቅ ነው። የሰሜን ክፍለ ከተማ ግን ቅርብ ነው።

የመጀመሪያው ተጠየቅ ስለ ውሃ ይሆናል። የጊባ ግድብ ለመቀሌ ውሃ ያመጣል ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ሁሉም ያውቃል፤ ጦርነቱ እንዳስተጓጎለውም ይታወቃል። የማይታወቀው ከጦርነቱ በፊት ምን ያህል እንደተሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንዳደረገ፣ ቀሪው በማን እጅ እንዳለ ነው። ለክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ለሁሉም ፓርቲዎች ጥሪው ደርሷል። ማንም መጥቶ ስለ ግድቡ ሳይናገር ስለ ጠላት ማውራት ከጀመረ የምንለውን አስቀድመን ነግረነዋል። የሚመጣ ሁሉ የሦስቱን ዋሶቹን ስም ከመድረኩ አንድ ሳምንት በፊት ይላክልን።