መኪናውን ሳይገዙ ቆላ ያውርዱት

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሻጭ አስቀድሞ የሚያሳምረው ዓይን የሚያርፍበትን መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ለቤተሰባችን ያገለገለ ፕራዶ ስንገዛ በቀለሙ ተታለልን። ድንኳኑን ፖርቶ መጋላ ላይ ጭነን፣ ልጆቹን ይዘን ወደ ሰመራ ስንወርድ፣ ገዋኔን እንዳለፍን የሙቀት ጌጁ ቀይ ነካ። ሞተሩ እስኪበርድ በዚያ ሐሩር ቆመን የልጆቹን መጠጥ ውሃ ለራዲያተሩ አካፈልን።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫችን በአብዛኛው አገር ውስጥ የቆየው መኪና ነው። ስለዚህ ፍተሻው ይጠንክር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች። ቦሌ ላይ ያልሞቀ ሞተር ስለ ሰመራ የሚነግርዎት ነገር የለም። ሻጩን አስፈቅደው፣ መካኒክ ይዘው፣ ኤሲውን ከፍተው እስከ አዋሽ፣ ካልሆነም እስከ አዳማ ይንዱት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ያስከፍቱ፤ ውሃው ዝገት ወይም ዘይት ካለው ይተዉት።

ጎማው ጎን ላይ የምርት ጊዜውን የሚናገሩ አራት አሃዞች አሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ሐሩርና ጭነት ሲደራረብበት ይፈነዳል። ተጠባባቂውንም ይዩ።

እኛ ራዲያተሩን ቀይረን ዘንድሮ አዋሽ ፓርክ አደርን። ልጆቹ ፏፏቴውን አዩ፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ጌጁን።