የጨዋታ ዋጋና የጨዋታ ወጪ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፤

በአዳማም ሆነ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበትን የፕሌይ ስቴሽን ቤት የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። የጨዋታው ዋጋ በተነሣ ቍጥር ግን «የሠሪዎቹ ስግብግብነት ነው» የሚል ፍርድ እሰማለሁ። ከፍርድ በፊት ሒሳቡን ማየት የሚገባ ይመስለኛል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ በሞስኮ የፈጠረው አንድ ሰው ነበር። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ክፍል ሁለት ግን፥ ሶኒ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ካቀረበው ሰነድ እንደ ታወቀው፥ 220 ሚሊዮን ያህል ዶላርና የ200 ያህል ሠራተኞች ድካም ጠይቋል። ዋጋው እንደ ወጪው አልዘለለም። በ2006 ገደማ 60 ዶላር ይሸጥ የነበረው ትልቅ ጨዋታ በ2020 የደረሰው 70 ዶላር ነው። የዶላሩ የመግዛት ኀይል መቀነሱ ቢታሰብ ረክሷል ለማለት ይቻላል። ምክንያቱም ጨዋታው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ማባዛቱ ብዙ ስለማያስወጣ፥ ወጪውን የሚሸፍነው የገዢው ብዛት ነው።

በእኛ ዘንድ ዋጋውን የሰቀለው ምንዛሪው ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፥ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ 70 ዶላር 4 ሺህ ብር ያህል ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ፥ ያው ጨዋታ ከ7 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ደመወዙን በብር የሚቀበል ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ልጆቻችን በፕሌይ ስቴሽን ቤት ግጥሚያ በግጥሚያ እየከፈሉ ይጫወታሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

ይኸው ብልሃት ለአገር ልጅ ሥራም መዋል አለበት። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን ስለ ዶሮ ማሳደድ የሚናገር የስልክ ጨዋታና ገበጣን ሠርቷል። እንዲህ ያለው ሥራ መቶ ሚሊዮኖችን አይጠይቅም፤ ጥቂት ብር የሚከፍል ብዙ ሰው ግን ይፈልጋል። ለባዕዱ ግጥሚያ ስንከፍል ውለን ለአገራችን ሥራ እጃችንን ከሰበሰብን፥ ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠው የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚማሩት ተማሪዎች ነገ የሚሠሩት ለባዕድ ገዢ ብቻ ይሆናል።

ወላጆችና የመጫወቻ ቤት ባለቤቶች ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዳማ