«ቦዘኔ» የምንለው ማንን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ሸዋ ሮቢትን ያውቃታል። የጣርማ በርን ብርድና ጉም አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ካፖርቱን አውልቆ ቀዝቃዛ ውኃ የሚጠይቅባት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው ምሳውን እስኪበላ ድረስ በአስፋልቱ ዳርና በየሱቁ በረንዳ የቆሙትን ወጣቶች ያያል፤ አይቶም «ይህ ሁሉ ቦዘኔ!» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ይኸው ቃል ከሹም አፍ ይሰማል፤ ከመምህር አፍ ይሰማል፤ በራሳችን ግቢም በየመኝታ ክፍሉ ይሰማል። እኛ ግን ቃሉ ሐሰት ነው እንላለን። ደግሞም ምቹ ሐሰት ነው፤ ሰውን አንድ ጊዜ ሰነፍ ነው ካሉት በኋላ ስለ እርሱ ማሰብ አያስፈልግምና።

እስኪ እነዚህ ወጣቶች እነማን እንደ ሆኑ በየወገናቸው እንያቸው።

የመጀመሪያዎቹ እንደኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው የተመለሱት ናቸው። ብሔራዊውን ፈተና ወስደው ከግማሽ በላይ ያገኙት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቊጥሩ ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንግዲህ ሻል ባለው ዓመት እንኳ ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው በሩ ተዘግቶበት ተመልሷል ማለት ነው። ለአንዳንዶቹ ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ የቀሩት ግን ወደየቀበሌያቸው ሄዱ። ከመቶ ሰው ዘጠና የሚወድቅበት ፈተና የሚመሰክረው ስለ ልጆቹ ጭንቅላት ነው ወይስ ስላስተማራቸው ትምህርት ቤት? መልሱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ሁለተኛዎቹ ትምህርታቸው በእጃቸው ላይ የተቋረጠባቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የጎረቤቲቱ የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ራሷን አዳረሳት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ተነሣና በክልሉ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። በ2013 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ ዛሬ ጢም አውጥቷል። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ከስምንተኛ ክፍል እንዲጀምር ቢነግሩት ያፍራል፤ ማፈሩም አያስነቅፈውም።

ሦስተኛዎቹ ከባሕር ማዶ የተመለሱት ናቸው። ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ቆላ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም በእግር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚወስደው መንገድ ለይፋት ወጣት እንግዳ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ባደረገችው የማባረር ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ማባረሩም ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ከተመላሹ ብዙው የመጣው ባዶ እጁን ነው፤ ቤተ ሰቡ ለጉዞው የተበደረው ገንዘብ ግን ይጠብቀዋል።

አራተኛዎቹን መንገደኛው ጨርሶ አያያቸውም፤ እኅቶቻችን ናቸውና። ከትምህርት የወጣች ልጃገረድ በበረንዳ ላይ አትቆምም። በእናቷ ጓዳ ወይም በሰው ቤት ትሠራለች፤ ወይም ተድራለች፤ ወይም ፓስፖርት ትጠብቃለች። ሥራ ፈት ተብላ እንኳ አትቈጠርም። ስለዚህ ስለ ወጣቱ ችግር ስንነጋገር በመንገድ ዳር የሚታየውን ብቻ ብንቈጥር ግማሹን ሕዝብ ረስተናል ማለት ነው።

እንግዲህ ስንፍናው የት አለ? የሽንኩርት ለቀማ በደረሰ ጊዜ ከንጋት በፊት ማሳ ወርደው ጆንያ የሚሸከሙት፣ አይሱዙ የሚጭኑት እነዚሁ በበረንዳ ላይ የታዩት ልጆች ናቸው። ማሾ ሲሰበሰብም እንዲሁ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ ልጁም ወደ በረንዳው ይመለሳል። የአፋርን በረሃ በእግሩ ሊያቋርጥ የቈረጠ ሰው ብዙ ስም ሊሰጠው ይቻላል፤ ሰነፍ የሚለው ስም ግን አይስማማውም። ለሥራ ሲል ሞትን የሚደፍርን ሰው ሥራ አይወድም ማለት ለሰሚውም ግራ ነው።

የአገሩ ሰው ሁሉ ሸዋ ሮቢትን ከሚያውቅባቸው ነገሮች አንዱ ማረሚያ ቤቷ ነው። በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ታራሚዎች የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የሽመናና የግንባታ ሙያ መማራቸው የታወቀ ነው፤ የተመሰገነም ነው። ነገር ግን አንድ ወጣት ሙያ የሚማርበት ቅርቡ በር የወኅኒ በር እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ልጁ ሳያጠፋ በፊት የሚያስተምረው ካላገኘ፣ ካጠፋ በኋላ የሚያስተምረው ቤት ለአገር የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ይበዛል።

«መንግሥት ምንም አላደረገም» የሚል ክርክር አናቀርብም፤ እውነት አይደለምና። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል፤ ብድሩም በየክልሉ በአነስተኛ የብድር ተቋማት በኩል ለተደራጁ ወጣቶች እንዲደርስ ተደርጓል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተዋል። በደብረ ብርሃን በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ታዲያ ልጁ አሁንም ለምን በበረንዳ ላይ አለ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ መዛባቱ ነው። «ተደራጁና ገንዘብ ውሰዱ» የተባለው ወጣት በእጁ ሙያ አልነበረውም። የማይተዋወቁ ልጆች ለብድር ሲሉ ማኅበር ሆኑ፤ ብሩ ሲያልቅ ማኅበሩም አለቀ፤ ዕዳው ብቻ ቀረ። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ወጣት ሁለተኛ ከጽሕፈት ቤት ደጃፍ አይደርስም። ፋብሪካውም ቢሆን ከቆላ ወጥቶ የቤት ኪራይ ከፍሎ በጀማሪ ደመወዝ ለመኖር የሚችለውን ይቀጥራል እንጂ ወደ ሮቢት አይወርድም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙያ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ይሁን እንላለን። ሙያውም ከዚያው ከምድሩ ይነሣ።

የይፋት ቆላ ድኻ ምድር አይደለም። በሮቢ ወንዝና በሌሎቹ ወንዞች መስኖ ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማንጎ ያበቅላል። ጤፍና ማሽላው አለ። ማሾ ደግሞ ተዘርቶ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚደርስ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰብል ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ምርት ዙሪያውን የእጅ ሥራ ይፈልጋል። ማሾ በደረጃ ለመሸጥ መበጠር፣ መለየትና ከነቀዝ መጠበቅ አለበት። የመስኖ ሞተር ሲበላሽ በዚያው ቀን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፤ በቆላ ፀሐይ የሽንኩርት ማሳ ብዙ ቀን ያለ ውኃ ሊቆይ አይችልምና። በዋናው መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጎሚስታ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና በያጅ ይፈልጋል። የተቃጠለው ቤት ግንበኛና አናጢ ይጠብቃል። ሥልጠና ማለት በእነዚህ ሥራዎች ዙሪያ፣ በዚያው ከተማ፣ በለቀማው ወቅት ተቋርጦ ከለቀማ በኋላ የሚቀጥል ሊሆን ይገባል። ልጁ የቀን ገቢውን ትቶ ዓመት ሙሉ ይቀመጥ ብንለው እሺ አይልም፤ ቤቱ የሚበላው ከዚያች ገቢ ነውና።

ይህ አሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኬንያ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከትምህርት ቤት ወጥተው ሥራ ያጡት ልጆች ነገር አሳስቦት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ጥናት አወጣ፤ ከዚያም የመንደር ፖሊቴክኒክ የተባሉ ትንንሽ የሙያ ቤቶች ተከፈቱ። ሕንጻቸው ቀላል፣ መምህሩ የአካባቢው ባለ ሙያ፣ ትምህርቱም በመንደሩ ገበያ የሚፈለገው አናጢነት፣ ግንበኝነትና ስፌት ነበር። በቦትስዋና ከአንድ ዓመት በፊት በሴሮዌ የተጀመረው የግንበኞች ብርጌድ ደግሞ ሠልጣኞቹ እየተማሩ ቤት እንዲሠሩ፣ የሥራቸውም ዋጋ የሥልጠናውን ወጪ እንዲያግዝ አደረገ። ሁለቱም ድኻ አገሮች ነበሩ፤ የጀመሩትም ባላቸው ነገር ነው።

በእኛም አገር ሕጉ የሚፈቅደው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። የሙያ ብቃት ምዘና ሙያውን በኮሌጅ ለተማረው ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በጋራዥ ወይም በአናጢ ቤት እየሠራ የለመደም ሰው ለምዘናው ቀርቦ፣ ካለፈ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ዓመታት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ልጅ «ያልተማረ» ተብሎ የሚቀረው ይህን የሚነግረውና ማመልከቻ የሚሞላለት ሰው ስላጣ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ይመጣል። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወረዱ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት አስተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ሁለቱም የተደረጉት በግዴታ ነው፤ የኋለኛውም ብዙ ምሬት አስከትሏል። እኛ የምናቀርበው አሳብ ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ትእዛዝም በጀትም አያስፈልገውም።

አንደኛ፤ ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በቀበሌያችን ከትምህርትም ከሥራም ከሥልጠናም ውጭ የሆኑ አምስት ወጣቶችን እንወቅ፤ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ልጃገረዶች ይሁኑ። ምን ያህል ተምረው እንዳቆሙ፣ እጃቸው ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚፈልጉ እንጠይቃቸው። ሁለተኛ፤ ወደ ወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት «ሂዱ» ከማለት ይልቅ አብረናቸው እንሂድ፤ ፎርሙን አብረን እንሙላ፤ ቀጠሮውን አብረን እንከታተል። በጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተማረ ሰው አብሮት የቆመ ልጅ መልስ በቶሎ እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ መሆን የማይገባው ቢሆንም እስኪታረም ድረስ እንጠቀምበት። ሦስተኛ፤ ፈተናውን በግል ደግመው ለሚወስዱና በጦርነቱ ምክንያት ላቋረጡ ልጆች የማታ የጥናት ጠረጴዛ እንዘርጋ። አራተኛ፤ ጋራዥ፣ ብየዳ ቤትና ስፌት ቤት ያላቸውን ሰዎች አንድ አንድ ልጅ እንዲቀበሉ እንለምን፤ የተማሪዎች ኅብረታችንም ከመዋጮው ለምዘና መክፈል ያቃታቸውን ይርዳ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እናንተ ቁስሉን በጨርቅ ትሸፍናላችሁ» የሚሉን ጓደኞች ይኖራሉ። ሥራው የመንግሥት መሆኑን አንክድም፤ እንዲያውም የሙያ ሥልጠናው ከኮሌጅ ግቢ ወጥቶ ወደ ቀበሌ እንዲወርድ፣ ከብድሩም እንዲቀድም አጥብቀን እንጠይቃለን። ነገር ግን ጥያቄያችን የሚከብደው የወጣቱን ስምና ችግር በዝርዝር ይዘን ስንቀርብ ነው። በጥቅል «ወጣቱ ተበደለ» ማለት ለማንም አይከብድም፤ መልስ መንፈግም ቀላል ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሰላም በሌለበት ምን ይሠራል?» ይላሉ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። መንገዱ በተዘጋበት፣ ሕይወት በሚያሰጋበት ቦታ ማንም ይሂድ አንልም። ሥራው ግን ሮቢት ከመድረስ በፊት ሊጀመር ይችላል፤ ከይፋት የተፈናቀሉ ወጣቶች በደብረ ብርሃንም በአዲስ አበባም አሉ። ከዚህም በላይ ሰላሙን መጠበቅ ብቻ በቂ አይመስለንም። በእጁ ሙያ፣ በሳምንቱ ቀጠሮ፣ በዓመቱ ተስፋ ያለው ወጣት ለጥይትና ለጀልባ ደላላ በቀላሉ አይገዛም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በዚህ ግቢ ከይፋት የመጣን ጥቂት ነን፤ ከመርሐ ቤቴ፣ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም የመጣችሁ ግን ብዙ ናችሁ፤ በየከተማችሁም የራሳችሁ በረንዳ አለ። የክረምቱ ዕረፍት ከመጀመሩ በፊት በዚህ ሥራ ለመግባት የሚፈቅዱ ሁሉ ስማቸውንና ወረዳቸውን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። በመስከረም ስንመለስ እያንዳንዳችን ስለ አምስቱ ወጣቶች የሆነውንም ያልሆነውንም ጽፈን እናምጣ፤ ይህ መጽሔትም ያትመው።