«ትራክ 07» የማን ልጅ ነው?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከቡሬ ወጣ ወዳለችው መንደራችን ሄጄ፣ ማታ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በቆሎ ስንፈለፍል ስልኬን ኩባያ ውስጥ አስቀምጬ ሙዚቃ እከፍት ነበር። ስልክ ኩባያ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ጎላ ይላል፤ የማታውቁ ካላችሁ ሞክሩት። ታዲያ አንድ ምሽት አንድ የቆየ ዘፈን ሲመጣ አጎቴ እጁን ከበቆሎው ላይ አነሣና «ይሄ የማን ነው?» አለኝ። እኔም ስልኩን አየት አድርጌ «እንጃ አያ፣ ትራክ 07 ነው የሚለው» አልሁት። «ትራክ የማን ልጅ ነው? አገሩስ ወዴት ነው?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጥቂት ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ሳይስቅ፣ «ሙሉቀን መለሰ ነው እንጂ! ነገ አስተማሪ የምትሆን ሰው ያገርህን ልጅ ድምጥ አታውቅም?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ሙሉቀን ጎጃም ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከዳህላክ ባንድ ጋር ሸክላ ያስቀረጸ፣ በኋላም ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር የገባና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፈ ድምፃዊ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በስልኬ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል «ትራክ 07» ተብሎ ተቀምጦ ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ያ ምሽት ነው። እኛ ሠልጣኞች ሙዚቃ ከመዋዋስ የቦዘንንበት ቀን የለም። ግን የምንዋዋሰው ፋይሉን እንጂ ሙዚቃውን አይደለም። ሙዚቃን መጋራት ማለት «ይህ የእገሌ ሥራ ነው፣ ግጥሙ የእገሌ፣ ዜማው የእገሌ፣ የወደድሁትም ስለዚህ ነው» ብሎ ማቀበል ነው። ስሙ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ሲተላለፍ ባለሙያው ይጠፋል፤ ሰሚውም ከሰማው ነገር ምንም ሳይማር ይቀራል።

በካሴት ዘመን የነበሩ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ጆሮ ነበራቸው ለማለት አይደለም። የነበራቸው ወረቀት ነው። አጎቴ እንደሚያወጋኝ፣ ቴፕ ያለው ቤት በመንደሩ አንድ ወይ ሁለት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል። ካሴቱ አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ተገልብጦ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ዘፈን እየዘለሉ መስማት ድንጋይ መጨረስ ነውና። የካሴቱ ወረቀት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በላዩ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ አጃቢው ባንድ፣ አሳታሚው ሙዚቃ ቤት ሁሉ ሰፍሯል። ፊደል የቆጠረው ለልቆጠረው ያነብለታል። አጎቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ገበሬ ሲሆን የሙሉቀንን ድምፅ ከሌላው የለየው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ አልበም ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ኢትዮጵያ ደርሶ በተመለሰ ወዳጁ በኩል የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባ። ሰምቶ ዝም አላለም፤ ለሚያውቃቸው አሰማ፣ ባለቤቱን ፍለጋም አዲስ አበባ ድረስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጂግ አገር ታትሞ ለዓለም ቀረበ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም ተጀምሮ ከ25 በላይ አልበሞች ወጡ፤ 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እንግዲህ አስቡት! ያ ሸክላ ስም ሳይጻፍበት «ትራክ 01» ተብሎ ቢደርሰው ኖሮ ሰውየው ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር?

ሚሞሪ ካርድን ለመኰነን አልተነሣሁም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ከካርድ ወደ ካርድ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ የተላለፈው ሙዚቃ በዚያ ጭንቅ ስንቱን ቤት አጽናንቷል። ውለታው አይካድም። ሆኖም በዚያው መንገድ የመጣው ሁሉ ስሙን በየመንገዱ እያራገፈ ነው የመጣው። ደግሞም ፈጣሪው የላቡን ዋጋ ማግኘት እንዳለበት አንርሳ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለዚሁ ነው። ስሙን እንኳ ለማናውቀው ሰው ዋጋውን እንከፍላለን ማለት ዘበት ነው።

«ዘንድሮ አልበም የሚሰማ ማን አለ? የወደድሁትን አንድ ዘፈን እየደጋገምሁ ብሰማ ምናለበት?» የሚሉ አይታጡም። በእርግጥ ክልክል የለም። ግን እኔ በአሁኑ ጊዜ ቤት ውስጥ የምሰማውን ልንገራችሁ። የእጅጋየሁ ሽባባው፣ የጂጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው በስሟ የተጠራ አልበም ነው። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት፤ ከቡሬ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የሚደረስባት የጎረቤታችን ከተማ። አልበሙን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። እኔ በፊት የማውቀው «አድዋ» የሚለውን ብቻ ነበር። ሙሉውን ስሰማ ግን «አባይ» አለ፣ «ባለ ዋሽንቱ» አለ። የኛ እረኛ ዋሽንትና የኒውዮርክ ጃዝ በአንድ ቤት ተቀምጠው ሲያወጉ የሰማሁት አልበሙን እስከ ጫፉ ስሰማ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሌላው አልበሟ ደግሞ ስሙ በአማርኛ «ወርቅና ሰም» ማለት ነው። የዋሸራ ቅኔ አገር ልጅ ይህን ስም ሲሰማ ለምን እንደተባለ አስተርጓሚ አያሻውም።

«ሠልጣኝ ማጥናት እንጂ ዘፈን ምን ያደርግለታል?» የሚል መምህርም ይኖር ይሆናል። በአክብሮት መልሴ ይህ ነው። ነገ በጃቢ ጠህናን ወይም በቋሪት ገጠር አንደኛ ደረጃ ስንመደብ የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ይጠብቀናል። የሙዚቃ መሣሪያ በሌለበት፣ መብራትም በማይገኝበት ክፍል ቆመን ሕፃናቱን ምን እናሰማቸዋለን? ዋሽንት የሚነፋው ልጅ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ፣ እናቱ በወፍጮ ላይ የምታንጐራጕረው ዜማ ከቤቱ እያለ፣ እኛ ስም በሌለው ትራክ የሠለጠንን ከሆነ ያ ልጅ የያዘውን ሀብት ሀብት ነው ብለን የምናውቅበት ጆሮ ከየት ይመጣል? የባለሙያን ስም መጠየቅ ያልለመደ መምህር የተማሪውንም ስም ለማወቅ አይጨነቅም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ስለሆነም አንድ ቀላል ሐሳብ አለኝ። ከዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ግርጌ አንድ ጥግ ይተውልን። እያንዳንዳችን፣ ሠልጣኝም ሆነ መምህር፣ በሩብ ወረቀት ላይ በወሩ ቤት ውስጥ የሰማነውን አንድ አልበም እንለጥፍ፤ የአልበሙን ስም፣ ድምፃዊውን፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ የወጣበትን ዓመት፣ ከማን ጋር እንደሰማነውና ለምን እንደወደድነው። የማናውቀው ካለ «አላወቅሁም» ብለን ቦታውን ክፍት እንተወው፤ የሚያውቅ ሰው በእርሳስ ይሙላው። ትዝታ የሚወድ ትዝታውን፣ በገና የሚወድ በገናውን፣ የዘመኑን የሚወድም የዘመኑን ያምጣ። ሳቅና ፌዝ አይኑርበት። አልበም ላይ ያልወጣ፣ በሠርግና በአዝመራ የሚሰማ ያገር ቤት ድምፅ ያለው ደግሞ የአዝማሪውን ወይም የእረኛውን ፈቃድ ጠይቆ ስሙን ከነመንደሩ ይጻፍልን።

እኔ የመጀመሪያውን ወረቀት ዛሬ ለጥፌያለሁ። «አቀናባሪ» በሚለው ትይዩ «አላወቅሁም» ብያለሁ፤ እርሳሱም ከአጠገቡ በክር ተንጠልጥሏል። በሚቀጥለው ዕረፍት መንደሬ ስገባ አጎቴ እንደገና «ይሄ የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ትራክ ቁጥር ሳይሆን ስም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። እናንተስ?

ከሠልጣኞች አንዱ