ከመኪና ፊት ስለሚገጠመው የብረት አጥር



በሮቤ ከተማ በአንድ ነጋዴ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል፤ ለመኪና ግዢ የሚላኩትን ደብዳቤዎች ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የምንጠይቀው ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ኩንታል ይጭናል? መለዋወጫው በቅርብ ይገኛልን? መኪናው ሕፃን ልጅ ቢገጭ ጉዳቱ ምን ያህል ይሆናል ብለን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለውን 14 ኪሎ ሜትር መንገድ በጧት የሄደበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ተማሪው ደብተሩን ይዞ በአስፋልቱ ዳር ይሄዳል፤ እረኛው በጎቹን ያሻግራል፤ ስንዴ የጫነው አይሱዙም ጋሪውን ለመቅደም ይጣደፋል።

በአውሮፓ የአዳዲስ መኪኖችን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ድርጅት በ1989 ዓ.ም. ውጤቱን ለሕዝብ መግለጽ ከጀመረ ወዲህ፤ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ሳይሆን በእግሩ የሚሄደውንም ሰው ይመለከታል። ፈታኞቹ በሕፃን ራስ አምሳል የተሠራ 3.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በኮፈኑ ላይ እየወረወሩ የምቱን ኃይል ይለካሉ። አዋቂ ሰው ሲገጭ እግሩ በፓራውልቱ ተመትቶ ራሱ ወደ መስታወቱ ይወድቃል፤ የሕፃን ራስ ግን የሚያርፈው ከኮፈኑ ፊተኛ ክፍል ላይ ነው። ከኮፈኑ ቆርቆሮ በታች ባዶ ቦታ ካለ ቆርቆሮው ጎብጦ ምቱን ያበርደዋል፤ ከሌለ ግን ራሱ ከሞተሩ ብረት ጋር ይጋጫል።

ታዲያ ፋብሪካው ይህን ያህል ደክሞ ያለሰለሰውን ፊት እኛ ምን አደረግነው? መኪናው እንደ ገባ ወደ ብየዳ ቤት ወስደን ወፍራም የብረት አጥር እናስገጥምበታለን። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፤ እንዲህ ያለው አጥር ፈተና ሳያልፍ በአዲስ አነስተኛ መኪና ላይ እንዳይገጠም ከልክሏል። ባለፈው ክረምት የሰባት ዓመት ልጄን ከአሠሪዬ መኪና ፊት አቁሜ ባየው፤ የላይኛው ብረት ከአገጩ ጋር ትክክል ሆነ። ይህንኑ ለአሠሪዬ ብነግራቸው፤ «በሬ ቢገባበት የራዲያተሩን ዋጋ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ራዲያተር ሻሸመኔ ይሸጣል። አጥሩ ግን እስከ ዛሬ አልወለቀም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አስመጪዎቻችን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን እያዘዙ ነው። ይህ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፅ ስለማያሰማ፤ ጀርባውን የሰጠ ልጅ መምጣቱን አያውቅም። ስለዚህ በማዘዣው ደብዳቤ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፤ ይኸውም እግረኛን የሚያስጠነቅቅ ድምፅ አለውን? የተባበሩት መንግሥታት ስለ እግረኛ ደኅንነት ያወጣውን ደንብ ቁጥር 127 ያሟላልን? የሚል ነው። ሻጩ ኮከብ ቢያሳይ፤ ኮከቡ የተሰጠው ለዚያው ለሚልክልን ሞዴል መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ስሙ አንድ ሆኖ አሠራሩ የተለየ መኪና ይኖራልና።

ደንቡ ትልልቅ የጭነት መኪኖችን አይመለከትም። ለአይሱዙው ከሹፌሩ እግር በቀር መፍትሔ የለውም፤ ሹፌሩን የሚያጣድፈው ደግሞ ስንዴው ሻሸመኔ የሚደርስበትን ሰዓት የምንወስነው እኛው ነን።