ሽያጭ ነው ወይስ ኪራይ?

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን ዲቪዲ በፖስታ የማከራየት ሥራ በሴፕቴምበር 2023 ዘግቷል። በ25 ዓመታት ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ ልኳል። ገበያው ፈርዷል፤ ቤቱ ባለ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ፊልም የሚያይ ሰው ዲስክ ፍለጋ አይወጣም። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን ዋጋው ላይ ነው። ዲስክ የገዛ ሰው ንብረት ገዝቷል። ሲሰለቸው ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ለልጆቹ ያወርሰዋል፤ የአሜሪካ ሕግም ይህን ይፈቅድለታል። በኢንተርኔት «ይግዙ» የሚለውን ተጭኖ የከፈለው ግን በአብዛኛው የሚረከበው የማየት ፈቃድ ብቻ ነው። ሻጩ ከባለመብቱ ጋር ያለው ውል ሲያበቃ ፊልሙም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ወደ ኮምፒዩተሩ ቢያወርደውም ቁልፉ ብዙ ጊዜ በሻጩ እጅ ነው። መልሼ ልሽጥ ቢልስ? ሬዲጂ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎችን ሊያገበያይ ሞክሮ፣ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈርዶበታል።

የእኛ ቪዲዮ ቤቶች እንኳ ኪራዩን ኪራይ ነበር የሚሉት!

ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ አስገድዳለች። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም። መጋዘን፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ ያልወጣበት፣ የልባሽ ዕቃ ገበያም የማይፎካከረው ፈቃድ በንብረት ዋጋ ሊሸጥ አይገባም። ዋጋው እስኪስተካከል ድረስ ደጋግመው የሚያዩትን ፊልም በዲስክ መግዛቱ፣ አንዴ የሚያዩትን በኪራይ መውሰዱ ያዋጣል።